ለተጫዋቹ ደጀን
የመረብ ኳስ ማጠቃለያ ውድድርና የመሐንዲሱ ድርሻ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)




ደጀን ማለት ፊት ለፊት ለቆመው ሰው ከኋላው ሆኖ የሚያጸናው፣ ቢያፈገፍግ የሚቀበለው፣ ቢደክም የሚተካው ኃይል ነው። ይኸው ቃል የከተማም ስም ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ 230 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ፣ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ የዓባይን ድልድይ የተሻገረ መንገደኛ፣ ዳገቱን ጨርሶ አፋፉ ላይ ብቅ ሲል የምትቀበለው የጎጃም ከተማ ደጀን ናት። የዛሬው ንግግር በዚህች ከተማና በመሰሎቿ መረብ ኳስ እየተጫወተ አድጎ፣ አንድ ቀን በሊግ ማጠቃለያ ውድድር ላይ ስለሚቆም ወጣት ነው። ወጣቱ ስም አልተሰጠውም፤ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክም አይደለም። ከደጋ ከተማ ወጥቶ ወደ ትልቅ ውድድር የሚሄድ ተጫዋች የሚያልፍበትን መንገድ ለማሳየት በምሳሌነት የቀረበ ነው።

የመሐንዲሶች ጉባኤ ስለ ኳስ ምን አገባው የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በንግግሩ ውስጥ ቀስ በቀስ ይገለጻል። ለጊዜው አንድ ነገር ብቻ ቢታወስ ይበቃል። ተጫዋቹ በማጠቃለያው ውድድር ሲሸነፍ የሚሰጠው ፍርድ ብዙውን ጊዜ አንድና ያው ነው፤ «ወኔ የለውም» ይባላል። ይህ ፍርድ የአንድን ወጣት ስም ለዓመታት ይከተላል። ስለዚህ ከመፈረዱ በፊት ነገሩ ቢመረመር፣ ቢለካና ቢመዘን ይገባል። መለካትና መመዘን ደግሞ የማን ሙያ እንደ ሆነ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም።

የጨዋታው መነሻና ደንቡ

መረብ ኳስ እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር በሆልዮክ ከተማ ተፈጠረ። ፈጣሪው ዊልያም ሞርጋን በዚያ በሚገኘው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር፣ ማለትም በአገራችን ወወክማ በሚል ስም በሚታወቀው ማኅበር፣ የሰውነት ማጎልመሻ ኃላፊ ነበር። ዓላማውም ከሥራ ውለው ለሚመጡ በዕድሜ ለበሰሉ ሰዎች መላተም የሌለበት ጨዋታ ማስገኘት ነበር። እንግዲህ ይህ ጨዋታ ከጥንቱ የሠራተኛ ጨዋታ ነው። በአገራችንም ቢሆን የፋብሪካና የመሥሪያ ቤት ቡድኖች የጨዋታው ምሰሶ ሆነው መቆየታቸው ይታወቃል፤ የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካን ቡድን መጥቀስ ብቻ ይበቃል።

ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ1947 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፤ ጨዋታውም በ1964 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ ወደ ኦሊምፒክ ገባ። ሜዳው 18 ሜትር በ9 ሜትር ነው። የመረቡ ከፍታ ለወንዶች 2.43 ሜትር፣ ለሴቶች 2.24 ሜትር ነው። ኳሱ ከ260 እስከ 280 ግራም ይመዝናል፤ የውስጥ ግፊቱም በካሬ ሳንቲ ሜትር ከ0.30 እስከ 0.325 ኪሎ ግራም እንዲሆን ደንቡ ያዝዛል። ቀድሞ ነጥብ የሚያገኘው ሰርቪስ የሚመታው ወገን ብቻ ሲሆን፣ በ1998 እ.ኤ.አ. በጸደቀው ደንብ መሠረት እያንዳንዱ ኳስ ነጥብ ሆነ። አንዱ ዙር በ25 ነጥብ፣ አምስተኛው ዙር ግን በ15 ነጥብ ያልቃል። ሦስት ዙር ያሸነፈ ግጥሚያውን ይወስዳል።

የዓመቱ አማካይና የአንድ ቀን ጎርፍ

ሊግ ረጅም ነገር ነው። ቡድኑ በሜዳው ያስተናግዳል፤ ወደ ሌላው ሜዳ ይሄዳል፤ ይሸነፋል፤ ያሸንፋል። በብዙ ሊጎች ሦስት ለባዶ ወይም ሦስት ለአንድ ያሸነፈ ሦስት ነጥብ ሲያገኝ፣ ሦስት ለሁለት ያሸነፈ ሁለት፣ የተሸነፈውም አንድ ነጥብ ይይዛል። በዚህ ዓይነት ነጥብ ተጠራቅሞ የዓመቱ አማካይ ይታወቃል። ማጠቃለያው ግን ሌላ ነው። ከፍተኛ ነጥብ ያላቸው ቡድኖች በአንድ ከተማ ተሰብስበው በጥቂት ቀናት ውስጥ ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ ይጫወታሉ፤ የተጠራቀመውም ነገር ሁሉ በአንድ ምሽት ሊፈስ ይችላል።

ይህ ለመሐንዲስ እንግዳ ነገር አይደለም። የዓባይን ወንዝ በበጋ ከድልድዩ ላይ ሆኖ የተመለከተ ሰው ገደሉ ለምን ይህን ያህል እንደ ሰፋ ሊገረም ይችላል። ከዓመቱ ውኃ አብዛኛው የሚወርደው ግን በክረምት ወራት ነው። በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተከፈተው፣ 303 ሜትር ርዝመት ያለው የህዳሴ ድልድይም ሆነ ሌላ ማንኛውም ድልድይ ለዓመቱ አማካይ ፍሰት አይነደፍም፤ የሚነደፈው ለጎርፉ ነው። ሊጉ አማካዩ ፍሰት ሲሆን ማጠቃለያው ጎርፉ ነው። ተጫዋቹን ለአማካዩ አዘጋጅቶ ለጎርፉ መላክ፣ በኋላም ሲወሰድ መውቀስ፣ የንድፍ ስሕተትን በምሰሶው ላይ እንደ ማላከክ ይቆጠራል።

የቁጥሩም ነገር መታየት ይኖርበታል። ከሁለት ቡድኖች አንዱ ጥቂት ይሻላል እንበል፤ ከ100 ኳስ 52ቱን ያሸንፋል። በዕድል ስሌት ሲሰላ ይህ ቡድን አንዱን ዙር የማሸነፍ ዕድሉ ከ100 ወደ 61 ይጠጋል፤ አምስት ዙር ያለውን ግጥሚያ የማሸነፍ ዕድሉም ከ100 ወደ 69 ወይም 70 ነው። እንግዲህ የሚሻለው ቡድን ከ10 ግጥሚያ ሦስቱን ይሸነፋል ማለት ነው። ግማሽ ፍጻሜውንና ፍጻሜውን ሁለቱንም ለማሸነፍ ያለው ዕድል ደግሞ ግማሽ ያህል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ የበለጠ ቡድን በማጠቃለያው ዋንጫውን ቢያጣ ነገሩ የሳንቲም ውርወራ ያህል የሚጠበቅ እንጂ የወኔ ማነስ ማስረጃ አይደለም። ይህን የማያውቅ ተጫዋች ግን ሽንፈቱን በራሱ ላይ ይፈርዳል።

የደጀን ሜዳና የውጭው ሜዳ

ከዕድል ሌላ የሚለካ ምክንያት አለ። ምሳሌ የሆነን ወጣት ኳሱን ለአጥቂዎች የሚያነሣ አመቻች ነው። ቀን መሥሪያ ቤት ይውላል፤ ማታ ልምምድ ያደርጋል። ያደገበት ሜዳ ደልዳላ አፈር ሆኖ ምሰሶዎቹ የባሕር ዛፍ ናቸው። በዚህ ሜዳ ላይ ሳይታወቅ ከጨዋታው ጋር አብሮ የሚያድግ አራት ዓይነት የልክ ስሕተት አለ።

የመጀመሪያው መረቡ ነው። ደንቡ የመረቡ ከፍታ መካከሉ ላይ እንዲለካና ዳርና ዳሩ ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ እንዳይበልጥ ያዝዛል። መረቡና ገመዱ በአንድነት 4 ኪሎ ቢመዝኑና በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት 9.5 ሜትር ቢሆን፣ ርግበቱን በ2 ሳንቲ ሜትር ለመወሰን ገመዱ ወደ 240 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ኃይል መወጠር አለበት። ይህ ኃይል ምሰሶውን ከጫፉ ስለሚስብ፣ በእግሩ ላይ የሚያደርሰው የማጠፍ ጫና ከ570 ኪሎ ግራም ሜትር በላይ ነው። ጉድጓዱ በአፈርና በድንጋይ ብቻ የተሞላ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ይህን አይችልም፤ ያዘነብላል። ገመዱም ይላላና በ50 ኪሎ ግራም ገደማ ሲረጋ መካከሉ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ይረግባል። ከፍታው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚለካው ሜትሩን ይዞ ለመቆም በሚመቸው በምሰሶው ሥር ነው። ስለሆነም አመቻቹ በመካከል 2.33 ሜትር በሆነ መረብ ላይ ያድጋል። እጁ የተማረው ለዚያ ከፍታ ነው። በማጠቃለያው ከተማ መረቡ ቀጥ ብሎ ተወጥሮ ሲያገኘው፣ ለመካከል አጥቂው የሚያነሣው ፈጣን ኳስ በአሥር ሳንቲ ሜትር ያጥራል። ተመልካቹ «እጁ ታሰረ» ይላል። እጁ ግን አልታሰረም፤ የተማረውን በትክክል አደረገ።

ሁለተኛው ኳሱ ነው። ደጀን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ከፍታ ግድም ላይ ናት። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በካሬ ሳንቲ ሜትር 0.77 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ኳሱ እዚያ በ0.31 ተነፍቶ፣ ሙቀቱ ሳይለወጥ፣ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለችው ወደ ባሕር ዳር ቢወሰድ፣ የውጭው ግፊት ስለሚጨምር የኳሱ ግፊት ወደ 0.25 ይወርዳል። ገደሉ ውስጥ ዓባይ ድልድይ አጠገብ፣ 1,050 ሜትር ግድም ላይ ቢለካማ 0.17 ብቻ ይገኛል፤ ከግማሽ ጥቂት አለፍ ያለ ነው። ቡድኑ በራሱ ኳሶች ይለማመዳል፤ ለግጥሚያው ግን አዘጋጁ በልኩ የተነፋ ኳስ ያቀርባል። ከሰዓት በፊት ለስላሳ ኳስ የተቀበለ ክንድ ማታ ጠንካራው ኳስ ሲነጥርበት እንግዳ ይሆንበታል። ፈውሱ አንዲት የግፊት መለኪያና አንድ መንፊያ ናት።

ሦስተኛው አየሩ ነው። በ2,400 ሜትር ከፍታ የአየር ጥግግት ከባሕር ጠረፉ በ21 ከመቶ ያህል ያንሳል። በሰከንድ 20 ሜትር የሚበርን የመረብ ኳስ አየሩ የሚገታበት ኃይል በባሕር ጠረፍ ከኳሱ ክብደት ጋር ሊቀራረብ ይችላል፤ ደጋ ላይ ግን በዚያው መጠን ይቀንሳል። ወደ ፊት እየተሽከረከረ የሚሄደውን ኳስ ወደ መሬት የሚስበው ኃይልም እንዲሁ ይቀንሳል። በግምት ሲሰላ፣ ደጀን ላይ በተለመደ ጉልበት የተመታ ሰርቪስ ባሕር ዳር ላይ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ደግሞ እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ድረስ ሊያጥር ይችላል። መረቡን ለጥቂት ያልፍ የነበረው ኳስ መረብ ይመታል። ከቆላ ወደ ደጀን የመጣው እንግዳ ቡድን ደግሞ በተቃራኒው ኳሱ ከመስመር ይወጣበታል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የደጀኑ ቡድን በሊጉ የሰበሰበው ነጥብ ብዙው በራሱ ሜዳ የተገኘ ከሆነ፣ ያ ነጥብ የችሎታው ብቻ ሳይሆን እንግዳው በረገበ መረብና በሳሳ አየር ላይ የመቸገሩም ውጤት ነው። ስለዚህ የዓመቱ አማካይ እውነተኛውን ጉልበት አጉልቶ ያሳያል። ተጫዋቹ በዚህ መስተዋት ራሱን እያየ ወደ ማጠቃለያው ይሄዳል።

አራተኛው ወለሉ ነው፤ ይህ ግን የነጥብ ጉዳይ ሳይሆን የአካል ጉዳይ ነው። 60 ሳንቲ ሜትር የዘለለ ሰው ሲወርድ ጉልበቱን አጥፎና ወለሉም ረድቶት በ40 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ በአማካይ የሚሸከመው ከክብደቱ ሁለት ተኩል ጊዜ ነው። በደረቅ ሲሚንቶ ላይ ደክሞ በ15 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም ግን አምስት ጊዜ ይሆናል፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ወጣት 350 ኪሎ ተሸከመ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ የኖርዌይ ጥናት ከታዩት ከፍተኛ ደረጃ ላይ ከደረሱ የመረብ ኳስ ተጫዋቾች ወደ 45 ከመቶ የሚሆኑት የጉልበት ጅማት ሕመም ነበረባቸው። ይህ ሕመም በአንድ ቀን አይመጣም፤ ብረት በተደጋጋሚ ሸክም እንደሚዝለው ጅማትም ይዝላል። ተጫዋቹ በማጠቃለያው ሰሞን ሕመሙን ይደብቃል። ቢናገር ቦታውን ለሌላ መልቀቁ ነው፤ ባይናገር ጉልበቱን ለሽማግሌነት ዘመኑ በዕዳ ማስያዙ ነው። በዚያች ሳምንት በእውነት በሚዛን ላይ የሚቀመጠው ነገር ከዋንጫው ይልቅ ይህ ነው።

በአምስተኛው ዙር

ግማሽ ፍጻሜው ሁለት ለሁለት ሆኖ አምስተኛው ዙር ተጀመረ እንበል። አንደኛው ቡድን 8 ነጥብ ሲያገኝ ሜዳ ይለዋወጣሉ። አመቻቹ በመረቡ ሥር ሲያልፍ ቀና ብሎ ያየዋል። ሲለማመድበት የኖረው መረብ እንዳልሆነ እጁ አራት ዙር ሙሉ ነግሮታል፤ ልቡ ግን አላመነም። ሁለት አጫጭር ኳስ አንሥቶ ሁለቱም ታግደዋል። ተቀያሪ ወንበር ላይ የተቀመጡት ስሙን ይጠራሉ። «አይዞህ፣ ወንድ ሁን!» ይሉታል። ይህን ጊዜ ተጫዋቹ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ በጉልበትና በቁጣ የቀደመውን መድገም ነው። ሁለተኛው ኳሱን ስንዝር ከፍ አድርጎ ማንሣት፣ ማለትም ልኩን ማረም ነው። ሁለተኛውን ለማድረግ ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይጠይቃል። ማንም ካልነገረው ከየት ያውቀዋል? ወኔ የሚባለው ነገር አለ፤ አይካድም። ነገር ግን ወኔ ልክን ከማወቅ ጋር ሲሆን ያድናል፤ ያለ ልክ ሲሆን ያንኑ ስሕተት በበለጠ ኃይል ያስደግማል።

ከቶኪዮ የተገኘ ትምህርት

በ1964 እ.ኤ.አ. የቶኪዮ ኦሊምፒክ አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈ በሁለተኛው ቀን፣ ጥቅምት 23 ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የጃፓን ሴቶች የመረብ ኳስ ቡድን ከሶቪየት ኅብረት ጋር ተጋጠመ። ውድድሩ ሁሉም ከሁሉም የሚጫወትበት እንጂ ግማሽ ፍጻሜ ያለው አልነበረም፤ የዚያ ቀን ግጥሚያ ግን እንደ ፍጻሜ ሆነ። ከጃፓኖቹ ተጫዋቾች አብዛኞቹ ካይዙካ በሚገኘው የኒቺቦ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ቀን በፋብሪካው ሥራ ውለው ልምምዳቸውን እስከ ሌሊት ይቀጥሉ ነበር። ሁለቱን ዙር 15 ለ 11 እና 15 ለ 8 አሸነፉ። በሦስተኛው ዙር ለማሸነፍ አንዲት ነጥብ ስትቀራቸው ሶቪየቶቹ ተከታትለው 13 ደረሱባቸው፤ ፍጻሜው ግን 15 ለ 13 ሆነ።

አሠልጣኙ ሂሮቡሚ ዳይማትሱ በጭካኔው ብዙ ተወቅሷል፤ ወቀሳው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከእርሱ መወሰድ ያለበት ጭካኔው ሳይሆን ብልሃቱ ነው። ተጫዋቾቹ ኳስ ለማዳን ሲወረወሩ በትከሻቸው ተንከባልለው ወዲያው እንዲነሡ አስተማራቸው። አወዳደቅን ያጠና፣ ከወደቁ በኋላ የሚያልፈውን ጊዜ የቀነሰ የአሠራር ዘዴ ነበር። ከእነዚያ ሠራተኞችም በስተኋላ ወለል፣ መብራት፣ የሥራ ሰዓትና ደመወዝ የሰጠ ፋብሪካ ቆሞ ነበር። ደጀን ነበራቸው ማለት ነው።

ምን ይደረግ?

የተነገረው ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በአንድ አነስተኛ ከተማ ለመረብ ኳስ የሚያስፈልገው የሚከተለው ነው። ሁለት የብረት ምሰሶ፣ እግራቸው በኮንክሪት የተተከለና በስሌት ለ240 ኪሎ ግራም ስበት የሚበቃ፤ ገመዱን የሚወጥርና የሚያላላ ብሎን፤ መካከሉን ለመለካት 2.43 እና 2.24 ሜትር ላይ ምልክት ያለበት አንድ ዘንግ፤ የኳስ ግፊት መለኪያ፤ ውኃ የሚያሳልፍ በገረጋንቲ የተደላደለና በአሸዋማ አፈር የተሸፈነ፣ በውኃ ልክ የተስተካከለ ሜዳ። የገደሉ አፋፍ ላይ ላለች ከተማ ደግሞ ቀን ከሸለቆው ወደ ላይ የሚነሣውን ነፋስ የሚገታ የዛፍ ረድፍ ይጨመር። የማኅበሩ አባላት በመንገድ፣ በውኃ፣ በሕንፃና በፋብሪካ ሥራ በየክፍለ ሀገሩ ተሰማርተዋል። ከሥራ ቦታቸው አጠገብ እንዲህ ያለ ሜዳ የሌለ እንደ ሆነ የአንድ ቅዳሜ ጉልበትና የጥቂት ከረጢት ሲሚንቶ ጉዳይ ነው።

ከዚህም ጋራ የመሥሪያ ቤትና የፋብሪካ ኃላፊ የሆኑ አባላት በማጠቃለያው ሰሞን ተጫዋቹ ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ጉልበቱን ታምሞ ሲመጣም፣ ነገሩን እንደ ጨዋታ ብቻ እንዳይመለከቱት ያስፈልጋል። ሕመሙን ቢናገር እንጀራው እንደማይቋረጥ ያወቀ ተጫዋች አይደብቅም።

ይህ ሁሉ ቢደረግ የደጀኑ ቡድን ዋንጫ ይበላል ማለት አይደለም። ከላይ እንደ ተሰላው ጥሩው ቡድንም ቢሆን ከ10 ሦስቱን ይሸነፋል። ነገር ግን ያ ወጣት ተሸንፎ በዓባይ ገደል ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ሲወጣ፣ በሚገባው ልክ ተመዝኖ መሸነፉን ያውቃል። በተሳሳተ ሚዛን ተመዝኖ ቀለለ ከመባል ይድናል። በማግሥቱም ወደ ሥራው ይገባል፤ ማታ ደግሞ መረቡን ቀጥ አድርጎ ይወጥራል። ተጫዋቹ ፊት ለፊት ይቆማል፤ ከኋላው መቆም የሌላው ድርሻ ነው።